ስኳር፣ ግፊት ወይም አስም ያለበት ሰው ሲጋራ እንዲያቆም እንዴት እንርዳው? ለቤተሰብ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ቤት ውስጥ የስኳር ወይም የደም ግፊት ታማሚ ሲኖር ቤተሰቡ ብዙ ነገር ይለውጣል። ወጡ ላይ ጨው ይቀነሳል። ሻዩ ያለ ስኳር ይቀርባል። የመድኃኒት ሰዓት ሲደርስ ትንንሽ ልጆች ሳይቀሩ ያስታውሳሉ። ሲጋራው ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ይለያል። ወይ ሁሉም ዝም ይላል፣ ወይ ጭቅጭቅ ይነሳል። በመጨረሻ «እሳቸው እንደሆነ አይሰሙም» ተብሎ ይተዋል።

ይህ መመሪያ ለዚያ ቤተሰብ ነው። ለሚስት፣ ለባል፣ ለልጅ፣ ለወንድም፣ አብሮ ለሚኖር ጓደኛ። ጤና ጣቢያ የሚሠራ ሰውም የሚጠቀምበት ነገር አያጣም። ሕመም ያለበት አጫሽ ምክር አልጎደለውም። ሲጋራ እንደሚጎዳው ከማንም በላይ እሱ ያውቃል። የጎደለው አብሮት የሚያቅድ ሰው ነው። ደግሞ ከሌላው አጫሽ የሚሻልበት ነገር አለው። ካርድ አለው፣ ቀጠሮ አለው፣ የሚያውቀው ሐኪም ወይም ነርስ አለው። ማቆሙን ከዚያ ክትትል ጋር ማያያዝ ይቻላል።

1. ጭሱ የእሱን በሽታ ምን እንደሚያደርገው እወቁ

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የሲጋራ ፓኬት 70 በመቶው በማስጠንቀቂያ ሥዕልና ጽሑፍ እንዲሸፈን ያዛል። ስለዚህ «ሲጋራ ይገድላል» ብሎ መንገር አዲስ ነገር አይደለም። ሰውን የሚነካው የራሱ በሽታ ጉዳይ ነው።

ስኳር ላለበት ሰው ጉዳዩ እግሩ ነው። ስኳር የደም ሥርን ይጎዳል። ሲጋራም ያንኑ የደም ሥር ያጠባል። ሁለቱ ሲገናኙ እግር ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን ትላለች፤ እስከ መቆረጥ የሚያደርስም አለ። ኒኮቲን ኢንሱሊን ሥራውን በደንብ እንዳይሠራም ያደርጋል። መድኃኒቱን በሰዓቱ እየወሰደ ስኳሩ አልወርድ ያለው ሰው አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል።

ግፊትና የልብ ሕመም ያለበት ሰው በእያንዳንዱ ሲጋራ ግፊቱና የልብ ምቱ ለጊዜው ከፍ ይላል። እዚህ ላይ በጣም የተለመደ መከራከሪያ አለ፤ «ቀንሻለሁ እኮ፣ አሁን በቀን አንድ ብቻ ነው» የሚል። መቀነስ ለማቆም መንገድ ከሆነ ጥሩ ነው። ልብን ግን አያድንም። በቀን 1 ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ከሲጋራ የሚመጣበት የልብ በሽታ ተጨማሪ አደጋ፣ 20 የሚያጨሰው ሰው ካለበት ግማሽ ያህል ነው። ሃያኛ እጅ አይደለም።

አስም ያለበት ሰው በአፉ የሚነፋው ስቴሮይድ ሲያጨስ የሚሰጠው ጥቅም ይቀንሳል። ሲኦፒዲ በሚባለው የሳንባ ሕመም ደግሞ የሳንባውን አቅም መድከም ለማዘግየት ከማቆም የሚበልጥ ነገር የለም። ቲቢ ላይ ያለ ሰው ካላቆመ በሽታው የማገርሸትም የመግደልም ዕድሉ ይጨምራል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቱን በሥርዓት የሚወስድ ሰው ቫይረሱ ከሚቀንስበት ዕድሜ ይልቅ ሲጋራው የሚቀንስበት ሊበልጥ ይችላል። ቫይረሱን ተቆጣጥሮ በሲጋራ መሸነፍ በጣም ያሳዝናል።

መልካሙን ወሬም ያዙ። ካቆሙ 20 ደቂቃ ሳይሞላ የልብ ምትና ግፊት መውረድ ይጀምራል። በ12 ሰዓት ውስጥ ከጭሱ ወደ ደም የገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ወደ ጤናማው መጠን ይመለሳል። በአንድ ዓመት ከሲጋራ የመጣው የልብ በሽታ ተጨማሪ አደጋ በግማሽ ይቀንሳል። «ካሁን በኋላ ምን ዋጋ አለው» ለሚሉ ሽማግሌ መልሱ ይህ ነው።

2. ወሬውን በክብር ክፈቱት

ፓኬቱን መደበቅ፣ እንግዳ ፊት ማሳፈር፣ «ልትሞት ነው» ብሎ ማስፈራራት ሰውየውን ውጭ ወጥቶ እንዲያጨስ ያደርገዋል እንጂ አያስቆመውም። ሰላም ያለበት ሰዓት ምረጡ። ከቀጠሮ መልስ ያለው ቀን በጣም ይመቻል፤ የሐኪሙ ቃል ገና አልቀዘቀዘም።

ልጅ ለአባቷ እንዲህ ልትል ትችላለች፤ «አባዬ፣ ሐኪሙ ስለ እግርዎ የነገሩን ነገር አሳስቦኛል። ስለ ሲጋራው እርስዎ ራስዎ ምን ያስባሉ?» ከዚያ ዝም ትበል። ከባዱ ይሄ ዝምታ ነው፤ ግን ሰውየው ራሱን የሚሰማው ያኔ ነው። ሚስት ለባሏ ደግሞ፤ «ልነዘንዝህ አይደለም። ለማቆም ብታስብ ከእኔ ምን ትፈልጋለህ?»

አንድ ጠቃሚ ጥያቄ አለ። «ማቆም ምን ያህል ይፈልጋሉ? ከ10 ስንት ይሰጡታል?» ብላችሁ ጠይቁ። «4» ካሉ «ለምን 8 አልሆነም?» አትበሉ። «ለምን 1 አላሉም?» በሉ። የራሳቸውን ምክንያት በራሳቸው አፍ ይነግሯችኋል። አንዱ «የልጅ ልጄን ማቀፍ እፈልጋለሁ» ይላል። ሌላው «ደረጃ መውጣት አቅቶኛል» ይላል። ያንን ቃል እንዳለ ያዙት፣ ጻፉት፤ ኋላ ላይ በጣም ያስፈልጋችኋል።

«አሁን አልፈልግም» ካሉም አትጣሉ። «እሺ፣ ሌላ ጊዜ እናወራለን» ብላችሁ ተዉት፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሰሞን መልሳችሁ አንሡት። የንስሐ አባት፣ ሼኽ ወይም የቅርብ ሽማግሌ ማማከር ጥሩ ነው፤ ግን ሰውየው ሲፈቅድ ብቻ። ከኋላው የተደረገ ሽምግልና እልህ ያስገባል።

3. የሱሱን ልክ እወቁ

ሁለት ጥያቄ ብዙ ይናገራል። ከእንቅልፍ ከተነሱ በስንት ደቂቃ የመጀመሪያውን ያጨሳሉ? በቀን ስንት ያጨሳሉ? በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚያጨስ ሰው ሱሱ ጠንካራ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ወንድ ከሆንክ ዛሬውኑ ተው» ማለት ለውድቀት ማመቻቸት ነው።

ከዚያ ለአንድ ሳምንት ያህል እያንዳንዱን ሲጋራ ይመዝግብ። ቁራጭ ወረቀት ፓኬቱ ውስጥ ይቀመጥ። ስንት ሰዓት ነበር? ከማን ጋር? ምን ሲያደርግ? ቡና ላይ፣ ጫት ላይ፣ ቢራ ላይ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሲናደድ፣ ታክሲ ሲጠብቅ። ማንበብና መጻፍ ካልቻሉ ማታ ማታ አብራችሁ አስታውሱ። ሱረት፣ ጋያ ወይም ሺሻ ካለም ይቆጠር፤ ሁሉም ትምባሆ ነው።

4. ከማቆማቸው በፊት ሐኪሙ ይወቅ

ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ሕመም ላለበት ሰው ግን ከሁሉም ዋናው ይህ ነው። ሲጋራ ሲቆም ሰውነት ይለወጣል። መድኃኒቱም አብሮ መታየት አለበት።

ከስኳር እንጀምር። ሲጋራው ሲቀር ኢንሱሊን የተሻለ ሊሠራ ይችላል። ያኔ በድሮው መጠን የሚወጋ ሰው ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። በሌላ በኩል የምግብ ፍላጎት ይከፈታል። ካቆሙ ሰዎች ብዙዎቹ በዓመት ውስጥ በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይጨምራሉ፤ በዚህ ጊዜ ስኳሩ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከወትሮው በበለጠ መለካት ያስፈልጋል።

ልብ በሉ። ስኳር ሲወርድ የሚታየው ምልክትና የሲጋራ ሐራራ ይመሳሰላሉ። መንቀጥቀጥ፣ ማላብ፣ መቁነጥነጥ፣ ድንገተኛ ንዴት፣ ረሃብ። «ሐራራው ነው፣ ይለፈዋል» ብላችሁ አትቀመጡ፤ ለኩ። ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌላችሁና ከተጠራጠራችሁ፣ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ራሱን ከሳተ ምንም ነገር በአፉ አትስጡ፤ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

ሌሎችም መድኃኒቶች አሉ። የሲጋራ ጭስ ጉበት አንዳንድ መድኃኒቶችን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ጭሱ ሲቀር መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይከማቻል። ለአስም የሚሰጠው ቲዎፊሊን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን እንዲህ ናቸው። መጠናቸው መቀነስ ሊኖርበት ይችላል። ይህን የሚያደርገው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ ስላልሆነ፣ የኒኮቲን ፕላስተር (ሐራራን ለማስታገስ በቆዳ በኩል ኒኮቲን የሚሰጥ) መለጠፍ ነገሩን አይለውጠውም። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ሲጋራ ካቆመ በኋላ የደም መርጋት ምርመራውን ቶሎ ይድገም። በራሳችሁ ግን ክኒን አትቀንሱ፣ አትጨምሩ።

የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው «ሲጋራውን እንኳ ተዉለት፣ ምን ቀረው» የሚሉ አሉ። በርኅራኄ የሚባል ነገር ነው፤ ግን አልስማማም። እሱም በሲጋራ የሚጎዳ ልብና ሳንባ አለው። ካቆሙት ሰዎች ብዙዎቹ ከሳምንታት በኋላ ጭንቀታቸውና ድብርታቸው ይቀንሳል። የሚያስፈልገው ሐኪሙ በቅርብ መከታተሉ ነው።

አሁን ወደ ማቆሚያ መድኃኒቶች። የዓለም ጤና ድርጅት የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካን በ2009 እ.ኤ.አ.፣ ቡፕሮፒዮንና ቫረኒክሊን የሚባሉትን ክኒኖች በ2021 እ.ኤ.አ. መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሕክምና መመሪያም ምክርና መድኃኒት አብረው እንዲሰጡ ይመክራል። እኛ አገር በየፋርማሲው የሚገኙ አይደሉም። የአእምሮ ሕክምና ወይም የሱስ ክፍል ያላቸው ትልልቅ ሆስፒታሎች ጠይቁ።

ፕላስተሩ ጠዋት ንጹሕና ደረቅ ቆዳ ላይ ይለጠፋል፤ ቦታው በየቀኑ ይቀየራል። በቀን ከ10 በላይ የሚያጨስ ሰው ብዙውን ጊዜ በ21 ሚሊ ግራም ይጀምርና ወደ 14፣ ከዚያ ወደ 7 ይወርዳል። ቅዠት ካስቸገረ ማታ ማውለቅ ይቻላል። የተረጋጋ የልብ ሕመም ላለበት ሰው ከሲጋራው ይልቅ ፕላስተሩ ይሻላል። ነገር ግን በቅርብ ቀናት ድንገተኛ የልብ ጥቃት የደረሰበት፣ የልብ ምቱ የሚዛባ ወይም የደረት ሕመሙ እየባሰ ያለ ሰው ሐኪም ሳያይ አይጀምር።

የኒኮቲን ማስቲካ እንደ ተራ ማስቲካ አይታኘክም። አፍ ውስጥ እስኪለበልብ ቀስ ብሎ ማኘክ፣ ከዚያ ጉንጭና ድድ መካከል ማስቀመጥ፣ ስሜቱ ሲጠፋ እንደገና ማኘክ ነው። ማስቲካውን ከማኘክ በፊት ባሉት 15 ደቂቃዎች ቡናና ለስላሳ አይጠጣ፤ ኒኮቲኑ በደንብ አይመጠጥም።

ቫረኒክሊን ከማቆሚያው ቀን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ይጀመራል፤ ለ12 ሳምንት ይወሰዳል። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው መጠኑ ይቀነስለታል። ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይሰጥም። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ሐኪሙን ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው።

ውጭ አገር ያላችሁ ዕድሉን ተጠቀሙበት። አሜሪካ ውስጥ 1-800-784-8669 ብትደውሉ የማቆሚያ ምክር በነፃ ታገኛላችሁ። እስራኤል ያላችሁ ኩፓት ሆሊማችሁን ስለ ማቆሚያ ሥልጠናውና መድኃኒቱ ጠይቁ።

መድኃኒት አልተገኘም ማለት መንገዱ ተዘጋ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ያለ መድኃኒት አቁሟል። ያኔ የቤተሰቡ ድርሻ ይበዛል፤ ያ ብቻ ነው ልዩነቱ።

5. ቀን ቁረጡ

ቀኑ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው። ሲርቅ ይረሳል። የሠርግ፣ የበዓል ወይም የሐዘን ሰሞን አይሁን።

ጾም መልካም አጋጣሚ ነው። ረመዳንን የሚጾም ሰው ከንጋት እስከ መግሪብ ያለ ሲጋራ መዋል እንደሚችል ራሱ አይቶታል። የሚፈተነው ከኢፍጣር በኋላ ነው፤ ያንን ሰዓት አብራችሁ አቅዱት። ተራዊሕ መሄድ፣ ቤተሰብ መጠየቅ፣ ከማያጨስ ጓደኛ ጋር መቀመጥ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የሐራራው ከባድ ጊዜ በዚያ ውስጥ ያልቃል፤ ፋሲካ ሲመጣም ሰውየው ልማዱን ለውጧል። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ግን ስለ ጾሙ ራሱ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ቲቢ ሕክምና የሚጀምር ሰው ቀን መፈለግ አያስፈልገውም። መድኃኒቱን የጀመረበት ቀን ማቆሚያው ይሁን። ስድስት ወር ሙሉ ከጤና ባለሙያ ጋር ይገናኛል፤ በየጊዜው «ሲጋራውስ?» የሚለው ሰው አለው ማለት ነው።

6. ቤቱን አዘጋጁ

ከዋዜማው ማታ መተርኮሻው፣ ላይተሩ፣ ኮት ኪስ ውስጥ የተረሳችው አንዷ ሲጋራ ሁሉም ይውጡ። ሰውየው በራሱ እጅ ያውጣቸው። ልብሱና መጋረጃው ይታጠብ። ሌላ የሚያጨስ ሰው ቤት ውስጥ ካለ አብሮ ቢያቆም ይመረጣል። ካልሆነ ግን ቤት ውስጥ አያጭስ፤ ፓኬቱንም አያሳይ። የሰፈሩን ባለ ሱቅና ሱቅ በደረቴ የሚያዞረውን ልጅም «ከነገ ጀምሮ አትስጠኝ» ይበላቸው። ትንሽ ያሳፍራል፤ ግን በነጠላ መግዛት ለሚለምድ ሰው ትልቅ አጥር ነው።

7. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ከባዶቹ የመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ናቸው። ንዴት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሐሳብ አለመሰብሰብ፣ ረሃብ፣ የሆድ ድርቀት ይመጣሉ። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ እየቀለሉ ይሄዳሉ። በእነዚህ ቀናት የሚወረወርባችሁን ቃል ሐራራው እንደተናገረው ቁጠሩት።

አንድ ሐራራ በአብዛኛው በጥቂት ደቂቃ ያልፋል። ስለዚህ ሥራችሁ እነዚያን ደቂቃዎች መሙላት ነው። ውኃ መጠጣት፣ ቀስ ብሎ በረጅሙ መተንፈስ፣ ከቤት ወጥቶ መራመድ፣ ስልክ መደወል። እጅና አፍ ሥራ ሲፈቱ ይከብዳል። ለዚህ ከመፋቂያ የሚሻል አላየሁም። ርካሽ ነው፣ እጅም አፍም ይይዛል። ቅርንፉድ አፍ ውስጥ ማቆየትም ይረዳል።

ምትኩን ግን ከበሽታው ጋር አስተያዩት። ስኳር ላለበት ሰው ከረሜላና ጣፋጭ ማስቲካ አይሆንም። ቆሎ ጥሩ ነው፤ ግን በእፍኝ ልክ፣ ጠዋት ማታ ሳይሆን። ግፊት ላለበት ሰው ቆሎውና ኦቾሎኒው ጨው አይነካው። ካሮትና ዱባ ፍሬ ለሁለቱም ይመቻሉ።

ካቆሙ በኋላ ሳል ለጥቂት ሳምንታት ሊጨምር ይችላል፤ ሳንባው እየጸዳ ነው። ደም ያለበት አክታ፣ ትኩሳት፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ግን ከማቆም ጋር አይያዝ። በዚያው ቀን ይታይ። «መኖር አስጠላኝ» የሚል ቃል ከሰማችሁም እንዲሁ ብቻውን አትተዉት፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

8. ቡና፣ ጫትና መጠጥ

ጭሱ ሲቀር ቡና በሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ድሮ ሦስት ስኒ የሚጠጣ ሰው ያንኑ ቢጠጣ ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ ከዚያ «ሲጋራ ማቆሜ ነው የጎዳኝ» ይላል። ቡናውን በግማሽ ቀንሱለት። አቦልና ቶና ላይ ያቁም፤ በረካው ይቅርበት። የሚቀመጥበትን ቦታ መቀየርም ይረዳል።

ጫት ይበልጥ ከባድ ነው። እየቃመ ሲጋራ የሚያቆም ሰው ትልቅ ትግል ውስጥ ይገባል። ምርቃና ላይ ሲጋራው በራሱ ይመጣል፤ ለጨብሲ ሲወጣ ደግሞ መጠጡ ያስጀምረዋል። ጫት ራሱ ግፊትና የልብ ምት ስለሚጨምር ለግፊትና ለልብ ታማሚ ሁለቱንም መተው ነው የሚበጀው። ሁለቱንም ባንዴ አልችልም ካለ ቢያንስ ለመጀመሪያው ወር ከጫት ቤትና ከመጠጥ ቤት ይራቅ። ጓደኞቹን ቤት ጋብዙለት፤ ሻይ አፍሉላቸው፤ ጭስ እንደማይፈቀድም አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

«ሲጋራ ትቼ ሺሻ ጀመርኩ» የሚል ከሆነ አላቆመም። የሺሻ ጭስም ኒኮቲንና ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው። ውኃው አያጣራውም።

9. ቢመለስስ?

ብዙ ሰው ለዘለቄታው ከማቆሙ በፊት ይወድቃል ይነሳል። አንዲት ሲጋራ ካጨሰ «ያው አለቀ» እንዳይል እርዱት። ያንኑ ቀን ይቁም። ጩኸት አያስፈልግም፤ «ምን ላይ ነው ያገኘህ?» ብቻ በሉት። ለቅሶ ቤት ነው? ከሥራ ተጣልቶ ነው? መድኃኒቱ ቶሎ ተቋርጦ ነው? መልሱን በተራ ቁጥር 3 ላይ ከነበረው ወረቀት ጋር አስተያዩት። ያ አጋጣሚ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ አብራችሁ ወስኑ። በተራ ቁጥር 2 ላይ የጻፋችሁትን የራሱን ቃል ያኔ አውጡለት፤ «የልጅ ልጄን ማቀፍ እፈልጋለሁ» ያለው እሱ ነው።

በየቀጠሮው ሐኪሙ ባይጠይቅም እናንተ ቀድማችሁ ተናገሩ። «ካቆመ ወር ሆኖታል፣ ስኳሩ ይህን ይመስላል፣ ኪሎው ይህን ያህል ጨምሯል» በሉ። የተጀመረ ፕላስተር ወይም ክኒን ካለ መቼ እንደሚቀንስ ጠይቁ። ያቆመበት ቀንም ካርዱ ላይ እንዲጻፍ አድርጉ፤ ሐኪም ሲቀየር አዲሱ ሐኪም የመድኃኒቱን መጠን የሚያየው ከዚያ ቀን ተነስቶ ነው።